የማይሄደው ብስክሌትና የወንድሜ ፈረስ

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ብስክሌት ልትነዱ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት እኔን ስሙኝ። እኔን የመከረኝ አልነበረም። «ውኃና ፎጣ ይዘህ ሂድ» ብቻ ተባልኩ። ውኃውም ፎጣውም አልቀረብኝም፤ ይዤ ሄድኩ። ፎጣው ለምን እንደሚጠቅም ግን ማንም አልነገረኝም።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መቀመጥ ነው። ከወንበሬ ሳልነሳ እጄ የሚደርስባቸውን ፋይሎች ወዲያው አገኛቸዋለሁ፤ ከዚያ ራቅ ያሉት «በመፈለግ ላይ ናቸው»። በር ስገባ ሆዴ ይቀድመኛል። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቆም ብዬ ሰው የምጠብቅ እመስላለሁ፤ የምጠብቀው ትንፋሼን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስፖርት ቤት ምን ሊሠራ ሄደ እንደምትሉ አውቃለሁ። የሄድኩት በፈረስ ምክንያት ነው።

ፈረሱ የወንድሜ ነው። ነበር ማለት ነበረብኝ፣ አፌ እስካሁን አልለመደውም። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሞተ። «ወንድም ጋሼ» ነበር የምለው። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወጣ ብሎ፣ አባታችን በተወልን መሬት ላይ ድንች እየተከለ፣ ፈረስ እየገራ የኖረ ሰው ነው። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም። ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ፈረሰኛው ተጠራርቶ ይመጣል። ወንድም ጋሼ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ከሚሰለፉት ነበር። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ እትዬ አንጓች አስጠራችኝ። ሄድኩ። ወንበር ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ቆመች፤ እትዬ አንጓች ቁምነገር ስታወራ አትቀመጥም።

«ፈረሰኞቹ ይመጣሉ» አለችኝ። «ከዚህ ተነስተው፣ ከተማውን አቋርጠው፣ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሄዳሉ። ቦራ ባዶውን አይሄድም። ከቤቱ ሰው ይቀመጥበታል። ልጆቹ እንደምታውቀው አንዱም እዚህ የለም። ያለኸው አንተ ነህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ፈረስ ላይ ከወጣሁ አርባ ዓመት አለፈኝ።»

«አውቃለሁ። አንተ ካልሆንክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ዓመት ሙሉ አንገቱን በበረቱ በር አውጥቶ መንገዱን ያያል። እኔ ከእንግዲህ እሱን ማየት አልችልም።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልኩ እንዲገባችሁ አንድ የማያስደስት ነገር መናገር አለብኝ። ወንድም ጋሼ ሲሞት እኔና እሱ አንነጋገርም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያ ቀን ከተማ ሲመጣ ቢሮዬ ጎራ ይል ነበር። ድንች ያመጣልኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጋቢ ሳልለብስ እንደምውል አይቶ ይቆጣኛል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ከበላይ ጎብኚ ሊመጣ ግቢው ተጠርጎ፣ አበባ ተተክሎ፣ ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ተቀብቶ ሳለ ወንድም ጋሼ መጣና ቦራን አጥሩ ላይ አሰረው። ቦራ ግማሹን አበባ በላ። በበላው ልክ ደግሞ ነጩ ድንጋይ ላይ ፋንድያውን ጣለ። አለቃዬ መስኮት ላይ ቆሞ አየ። እኔ ወጣሁና ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ቢሮ ነው እንጂ በረት አይደለም። ሁለተኛ በፈረስ እንዳትመጣብኝ» አልኩት። ወንድም ጋሼ ወደ አጥሩ ተመለሰ። ፈታው፣ ወጣበት፣ ሄደ።

በፈረስ አትምጣ ነው ያልኩት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ መሰላችሁ። ግን ወንድም ጋሼ ያለ ፈረሱ የትም የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እስኪመጣ ጠበቅሁት። እኔም ልሂድ ልሂድ እያልኩ ክረምቱ ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ክረምቱ ሲወጣ የበጀት መዝጊያ ሪፖርት አላለቀም እላለሁ። ሰበብ አጥቼ አላውቅም። አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን አስተከልኩ፣ ወንበር አስመጣሁ፣ ሰው ተቀበልኩ። አላለቀስኩም። «ጠንካራ ነው» አሉኝ። ጠንካራ አይደለሁም። የተኳረፋችሁት ሰው ሲሞት ማልቀስ ያሳፍራል፣ «በሕይወት እያለ የት ነበርክ?» የሚል ሰው ያለ ይመስላችኋል። ስለዚህ እትዬ አንጓች ፈረሱ ላይ ውጣ ስትለኝ እሺ አልኩ። ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አልቀረኝም ነበር።

ሙከራው የተደረገው የዚያኑ ቀን፣ ከቤቱ ኋላ ነው። ቦራን ቀርቤ «ና እስቲ» አልኩት። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ለካ ወንድም ጋሼ በአገውኛ ነበር የሚያናግረው። እኔ ደግሞ ከተማ ከገባሁ ወዲህ አገውኛዬ ዝጓል፤ የቀረኝ ሰላምታና ስድብ ነው። ሰላምታውን ሞከርኩ። ቦራ ዞር ብሎ አየኝ። በእትዬ አንጓች በርጩማ ተደግፌ፣ ሦስት ጊዜ ተንጠልጥዬ፣ በአራተኛው ወጣሁ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ጉልበቶቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ድንች ማሳው ውስጥ ነበርኩ። ቦራ ሳይሮጥ፣ ሳይደነግጥ፣ አጠገቤ ቆሞ ያሸተኝ ጀመር። እትዬ አንጓች «እግርህ ሞቷል» አለችኝና ጭቃዬን ታራግፍ ጀመር።

አሁን ደግሞ ከሰዒድ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ሰዒድ ከቤቴ በስተኋላ፣ በጠባቧ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ እኔ ግን ከእሱ ጋር ክርክር ነበረኝ። የጀርባ አጥሬ በቁሙ ያለ ቀርከሃ ነው፤ እኔ ነኝ የተከልኩት። ይህን ቀርከሃ አንድ ነገር ይበላብኝ ነበር። በየሳምንቱ፣ በገበያ ቀን ማግስት፣ ቅጠሉ ተላጭቶ አገኘዋለሁ። ሰዒድ ሁለት ሙክት በጎች አሉት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እርግጥ ነው፣ የተበላው ከቁመቴ በላይ ያለው ቅጠል ነው። እኔ ግን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ነገሩን መርምሬ፣ «የአቶ ሰዒድ በጎች በኋላ እግራቸው እየቆሙ አጥሬን ስለሚበሉብኝ» የሚል አቤቱታ ለቀበሌው ጻፍኩ። መልስ ስጠብቅ ሁለተኛ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስተኛ። ሦስቱንም በረንዳዬ ላይ ባለች ወንበር ተቀምጬ ነው የጻፍኳቸው፣ ሰዒድ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ። ሰዒድ ተከራክሮኝ አያውቅም። «እሺ፣ አስራቸዋለሁ» ብቻ ይላል። ያስራቸዋል። የገበያ ቀን ሲደርስ ቅጠሉ ይበላል።

ባለፈው ዓመት አቤቱታዬን ሳላነሳ ነገሩ ራሱ ቆመ። ሰዒድን አሸነፍኩት አልኩ።

ማሳው ላይ የወደቅሁ ዕለት እያነከስኩ በሱቁ በኩል ሳልፍ ሰዒድ አየኝና ወጣ።

«ምን ሆንክ?»

ነገርኩት። የፈረሱን ነገር ሳነሳ ፊቱ ተለወጠ፤ ሚዛኑን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

«ውጣበት» አለኝ። «ምንም ቢሆን ውጣበት። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ።»

«አንተ ምን አገባህ?» ልለው ነበር፤ በጎቹ ትዝ አሉኝና ተውኩት። እሱ ግን ቀጠለ። አስፋልቱ ዳር አዲስ ስፖርት ቤት መከፈቱን፣ እዚያም የማይሄድ ብስክሌት መኖሩን፣ እግር እንደሚያበረታ ነገረኝ። «ውኃና ፎጣ ይዘህ ሂድ» ያለኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ምክሬ እዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ልብሳችሁን አስቡበት። እኔ የፈረስ ልምምድ ነው ብዬ የወንድም ጋሼን ተፈሪ ሱሪ ከእትዬ አንጓች ተውሼ ለብሼ ሄድኩ። ወገቡ አልገጠመልኝም፣ በገመድ አሰርኩት። መቀመጫው ጠንካራ ነው ሲባል ሰምቼ ደግሞ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ብርድ ልብስ አጥፌ በብብቴ ያዝኩ። ስገባ አምስት ሰዎች አሉ፤ የባንክ ሠራተኛ የሚመስሉ፣ አስተማሪ የሚመስሉ፣ ሁሉም ገላቸው ላይ የተሰፋ የመሰለ ልብስ የለበሱ። ክፍሉ ሽቶ ሽቶ ይሸት ነበር። እኔ ከገባሁ በኋላ ፈረስ ፈረስ ሸተተ።

አሰልጣኟ ቤዛ ትባላለች፣ ወጣት ናት። ሰላም ስትለኝ ሱሪዬን አይታ ሳቋን ዋጠች፤ ይህን ውለታ አልረሳላትም።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያ ቀንዎ ነው?»

«ነው።»

«አይጨነቁ። በራስዎ አቅም ነው የሚሄዱት።»

አለመሄዱን እያወቀች ለምን «የሚሄዱት» እንዳለችኝ አልገባኝም። ብስክሌቶቹ ወለሉ ላይ ተተክለው ትልቅ መስታወት ፊት ተደርድረዋል። ጎማ የላቸውም፤ ከፊት አንድ ከባድ ክብ ብረት አላቸው። መስታወቱ ሁለተኛው ምክሬ ነው፤ አትዩት። እኔ አየሁትና ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁለት።

ቤዛ መቀመጫውን በወገቤ ልክ አስተካክላ ወደ ሌሎቹ ሄደች። እኔም ብርድ ልብሴን አነጠፍኩ። ከዚያ ወንድም ጋሼ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግሁ። በግራ በኩል ዞርኩ። የማያውቁትን ፈረስ መጀመሪያ አንገቱን መዳበስ ነው፤ መሪውን ዳበስኩት። ቀጥዬ ጫማዬን አወለቅሁ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ጫማ አድርጎ አይጋልብም። እርካቡ ጠባብ ነው፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባበት። ሰው ቢወድቅ ጣቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ፈረሱ አይጎትተውም። ፔዳሉን አየሁት፤ ላዩ ላይ ማሰሪያ ጠፍር አለው። ባዶ እግሬን አቀረብኩና አውራ ጣቴን በጠፍሩ ዘለበት ውስጥ አስገባሁ። በቀኝም በግራም። ልክ ነው የገባው። እንዲያውም ምን ያህል ልክ እንደሆነ ሳይ ደስ አለኝ፤ ብስክሌቱን የሠራው ሰው የእኛን አገር ፈረስ ያየ ነው አልኩ።

ቤዛ ከሩቅ አየችና፣ «ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ» አለችኝ።

«በጫማ ተይዞ የተጎተተ ሰው አውቃለሁ» አልኳት።

«ይሄ እኮ አይጎትትም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ልታርመኝ ስትመጣ አንዱ ስለ መቀመጫው ጠራት፣ ሰዓቱም ደረሰ። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ተቀንሶ ቀይና ሰማያዊ ሆነ፣ ሙዚቃው ደረቴን ይደልቅ ጀመር። ይህ ሦስተኛው ምክሬ ነው፤ ጨለማ ይሆናል፣ አትደንግጡ። የስፖርት ቤት ደንብ ነው።

«ቀይዋን ማዞሪያ ወደ ቀኝ፤ ዳገት ነው» አለች ቤዛ በድምፅ ማጉያ። ወደ ግራ አዞርኩት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ሲያቃስቱ የእኔ ፔዳል እንደ ላባ ቀለለ። እንዲህ ከሆነ ምን ያቃስታሉ ብዬ ሮጥኩ። ፊት ለፊት ያለው ብረት ፈጠነ። ትንሽ ሮጬ ትንፋሼ ሲያልቅ እግሬን አቆምኩ።

እግሬ አልቆመም።

ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ያለው ብስክሌት እግራችሁን ስታቆሙ ያርፋል። ይሄኛው አያርፍም። ብረቱ ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፣ ፔዳሉ ከዞረ እግር ይዞራል፣ ጣታችሁ ከታሰረ ደግሞ የምትሄዱበት የለም። መሪውን እንደ ልጓም ወደ ኋላ ሳብኩት። «ሆ፣ ሆ» አልኩት። በአማርኛ ለመንኩት። የቀረችኝን አገውኛ፣ ስድቧን ጭምር፣ አወጣሁበት። በሙዚቃው ምክንያት ማንም አልሰማኝም። መስታወቱ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው በተፈሪ ሱሪ ያለ አንዳች ምክንያት ወደ እኔ እየጋለበ ነው።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ።

የጠፋው የከተማው መብራት ነው፤ እንደ ልማዱ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። የአምስቱም ሰው እግር ቀጥ አለ። ክፍሉ ድቅድቅ ሆነ። የሚሰማው የእኔ ብረት ሲሽከረከር ብቻ ነው፤ በመብራት አይደለምና የሚሠራው እሱ አልቆመም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያዘው። ወንድም ጋሼ፣ ያዘውማ» ሲል ሰማሁ። ድምፁ የሕፃን ነበር፤ ግን የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

ሰባት ዓመቴ ሳለ ነው ወንድም ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ላይ ያወጣኝ። ልጓሙን ይዞ ከጎኔ ይሮጥ ነበር። ስፈራ «ያዘው» እለዋለሁ፣ «ይዤዋለሁ» ይለኛል። አንድም ቀን ለቆ አያውቅም። እኔ ነኝ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከተማ ለምጄ፣ ፈረስ የገበሬ ነው ብዬ የተውኩት።

የስልክ መብራት ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ቤዛ ናት። ቀይዋን ማዞሪያ ወደ ታች ስትጫናት ብረቱ ወዲያው ቆመ። እንግዲህ ይህችን ያዙልኝ፤ ማዞሪያዋ ስትጫኗት ታቆማለች። ጣቶቼ አብጠው ከዘለበቱ አልወጡም። ቤዛ ተንበርክካ ጠፍሩን በመቀስ ትቆርጥ ጀመር። ሌሎቹ ስልካቸውን አብርተው ዙሪያዬን ቆሙ፤ ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ ቤዛ ቀስ ብላ፣ «ወንድምዎን ልጥራልዎት? መጥተው ይውሰዱዎት። ስልካቸውን ይንገሩኝ።»

ስልኩን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልደውልበት በቃሌ የያዝኩት ቁጥር ነው።

«አያነሳም» አልኳት። «ዓመት ሊሆነው ነው።»

ቤዛ የመጨረሻውን ጠፍር ቆርጣ መቀሱን አስቀመጠች። ፎጣው ለምን እንደሚጠቅም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፊቴን ሸፈንኩበት፣ በለቅሶው ቀን ያላለቀስኩትን እዚያ፣ የማይሄድ ብስክሌት ላይ በባዶ እግሬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ስልካቸውን አጠፉ። እስኪበቃኝ ድረስ በጨለማ ቆሙልኝ። እንዲህ የከበደኝ ለቅሶ አላውቅም፤ አንዳቸውንም ሳላውቃቸው እንዲህ የቆሙልኝ ለቀስተኞችም አላየሁም።

ስወጣ ቤዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ነገ በጫማ ይምጡ» አለችኝ።

ሄድኩ። ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። ደረጃ ላይ መቆም ተውኩ። ሱሪውን የማስርበት ገመድ አንድ ቋጠሮ ገባ አለ፣ ጉልበቴም መንቀጥቀጡን ተወ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እትዬ አንጓች ዘንድ እየሄድኩ ከቦራ ጋር እንለማመድ ነበር። ሰላምታዬን መቀበል ጀመረ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ፈረሰኞቹ ከማለዳው መጥተው ግቢውን ሞሉት። ቦራ ዓመት ሙሉ ያልለበሰውን የክብር ልብሱን ለበሰ። እትዬ አንጓች የአንገቱን ጌጥ ራሷ አሰረችለት። ጫማዬን አወለቅሁ፣ በግራ በኩል ዞርኩ፣ አንገቱን ዳበስኩ፣ አውራ ጣቴን አስገባሁ። በአንድ ጊዜ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ አየኝና፣ «አቀማመጥህ የእሱ ነው» አለኝ። ልጓሙን ሰብሰብ አድርጌ ያዝኩ።

መንገዱን በሰላም ሄድን። አስፋልት ደረስን። ባጃጆች ዳር ይዘው ቆሙልን። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ያየን ጀመር። ከፊት ነበርኩ፤ እንዳይታወቅብኝ ብዬ እንጂ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። አደባባዩን አልፈን ሰልፉ ቀጥታ ሲሄድ ቦራ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ልጓሙን ሳብኩ። አንገቱን ብቻ ሰጠኝ፣ እግሩ አልተመለሰም። በሰላምታ ለመንኩት። እሱ ደግሞ ተጭነው የሚያቆሙት ቀይ ማዞሪያ የለውም። ከኋላዬ ፈረሰኞቹ ቆመው ይጠሩኛል። ቦራ ግን ሳይቸኩል፣ እንደ ቤቱ መንገድ፣ በጠባቧ መተላለፊያ ገብቶ፣ የሰዒድን ሱቅ አልፎ ቆመ። ከቆመም በኋላ አንገቱን ዘርግቶ የጀርባ አጥሬን ቀርከሃ ይበላ ጀመር። ከቁመቴ በላይ ያለውን ቅጠል።

ሰዒድ ከሱቁ ወጣ። ምንም ሳይጠይቅ መጥቶ ልጓሙን ያዘ። ቦራ ማንነቱን ለማየት እንኳ ዞር አላለም።

«ሰዒድ» አልኩት፣ «ይህ ፈረስ ያውቅሃል።»

«ያውቀኛል» አለ። ወደ መሬት አየ። «የገበያ ቀን አይቀርም ነበር። ሦስቱንም ዓመት። ከሰዓት በኋላ አንተ ከቢሮ የምትገባበትን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። አይወርድም። ከላይ ሆኖ ያይሃል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይሄዳል። ‹ዛሬም ያለ ጋቢ ነው› ይለኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አደራ አለኝ። ‹እሱ ራሱ ይምጣ፣ ሰው ልኮብኛል እንዳይል› አለኝ። ከሞተ በኋላ ስንት ጊዜ ልነግርህ ተነሳሁ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ልጫን ብዬ ተውኩት። ፈረሱ ላይ ከወጣህ ግን ፈረሱ ራሱ ይነግርሃል አልኩ።»

«በጎችህስ?»

«በጎቼ ምን አደረጉ?» አለ ሰዒድ። «አቤቱታውን ስታነብ እኮ እሱም ይሰማህ ነበር። ‹በኋላ እግራቸው እየቆሙ› ያልካት ላይ ስትደርስ አፉን ይዞ ነው የሚስቀው። ‹ተወው ሰዒድ፣ ለእኔ ብለህ ቻልልኝ› ይለኝ ነበር። ቻልኩለት።»

ያኔ ቀና ብዬ አጥሩን አሻግሬ አየሁ። በእግር ለሚያልፍ ሰው ግቢዬ አይታይም። ፈረስ ላይ ላለ ሰው ግን ሁሉም ይታያል። በረንዳዬ ይታያል። ጠረጴዛዬ ይታያል። ወንበሬ ይታያል፤ አቤቱታ የምጽፍባት፣ ከሥራ መልስ የምቀመጥባት ወንበሬ። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ አጥሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት። ወንድም ጋሼ ሦስት ዓመት ሙሉ ያየው ጀርባዬን ነው።

ፈረሰኞቹ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ቆመው ነበር። አንድም የቸኮለ አልነበረም። ቦራ የሚበላውን በልቶ፣ የለመደውን ያህል ቆይቶ፣ ማንም ሳያዘው ራሱ ዞረ። ሰዒድ ልጓሙን እንደያዘ ከጎኔ እየተራመደ እስከ አስፋልቱ መራኝ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄድን፤ የሚደረገው ሁሉ እንደ ወጉ ተደረገ። ቦራም ለሌላ ሰው አልተሰጠም።

ማግስቱን ለቀበሌው አራተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጥሬን ይበላ የነበረው የወንድሜ ፈረስ መሆኑን ስላረጋገጥኩ፣ የአቶ ሰዒድ በጎች ከክሱ ነጻ መሆናቸውን፣ እኔም ምንም ያልተበደልኩ መሆኔን ገልጬ፣ ሦስቱ አቤቱታዎቼ እንዲሰረዙልኝ በትሕትና አመለከትኩ። ሰዒድ ከአጥሩ ወዲያ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የጻፍኩት ጋቢ ለብሼ፣ ወንበሬን ወደ አጥሩ አዙሬ ነው።